ትልቋን የለቀመ እጅ

ቱኒስ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1998

ወንድሜ መህረዝ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምርና መልሱን ሳልጠብቅ ልለፍ። የምነግርህን ነገር ይዤ መቆየት አልቻልኩም። ለኔይላ ሰላም በልልኝ፣ ልጁን ሳምልኝ። እዚህ ላቦራቶሪ ባስተማርከኝ ዘመን ታበላህ የነበረችው እናቴ “ያ ቀጭን ልጅ ሊዮን ውስጥ የሚያበላው ሰው አገኘ ወይ?” ብላሃለች። በቃ፣ ሰላምታው አለቀ።

በስልክ የጠየቅከኝን አሁን ልመልስ። ያን ዕለት አማካሪዬ ሲ ሳዶክ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር እንደ ልቤ ማውራት አልቻልኩም፤ ፕሮፌሰር ሆኖም የሰው ስልክ ማዳመጥ አይተውም። አዎ፣ የላክልኝ እርሾ ደርሶኛል፣ በኦገስት አጋማሽ። ጉምሩኮች ከፍተውት ነበር። ሰውየው እርሾው የተጠቀለለበትን ፎይል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ “ይሄ ምንድነው እህቴ?” አለኝ።

“እርሾ ነው።”

“የምን እርሾ?”

“የዳቦ ነዋ። ወረቀት ላይ ደርቆ ነው የሚላከው።”

“ከፈረንሳይ እርሾ የሚያስመጣ ዳቦ ቤት የቱ ነው? ንገሪኝና እኔም እዚያ ልግዛ።” ከኋላው ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ። ፈርሜ ወሰድኩ። ፎይሉ ላይ የእርሾዋን ቁጥር በእጅህ “212” ብለህ ጽፈሃል፤ የጽሕፈትህ አስቀያሚነት ዛሬም አልተሻሻለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ትናንት ለእናቴ ሳስረዳ እንዴት እንዳልኳት ልንገርህ፣ አንተ ብታውቀውም ደስታዬ ከሥሩ ካልተነገረ አይወጣልኝም። የፎጣ ጫፍ እየቋጨች ነበር። “ክሮሞሶም ማለት እንደዚህ ያለ ረጅም ክር ነው” አልኳት። “ጫፉ ካልተቋጨ ይተረተራል። እርሾ ውስጥ ጫፉን የሚቋጩ ፕሮቲኖች አሉ። መህረዝ በላከልኝ ዘር ውስጥ ዋናዋ ቋጪ ሙቀት አትችልም። በሃያ ሦስት ዲግሪ ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። ሠላሳ ስድስት ስናደርሳት ትለቃለች፣ ክሩ ይተረተራል፣ እርሾዋም ትሞታለች።” እናቴ ቀና ብላ አየችኝና “ታዲያ ለምን ታሞቂያታለሽ?” አለችኝ።

መህረዝ፣ አሞቅኳትና አልሞተችም! ከዚያች ዘር ላይ ሌላ አንድ ጂን ቆርጬ ጣልኩ፤ በሠላሳ ስድስት ዲግሪ ሳህኑን ሞልታ በቀለች። ስለዚህ ያ ጂን ነበር ጫፉን የሚተረትረው። ስድስት ጊዜ ደገምኩት። ሲ ሳዶክ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና አየ፣ ከዚያ ወጥቶ ለሕንጻው ሁሉ አወራ። ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን ተቆርጧል፤ ጁን 15። ዶክትሬቱን ካገኘሁ እዚሁ መምህር ሆኜ እቀራለሁ። ካላገኘሁ ኮንትራቴ በጁን መጨረሻ ያልቅና ሚኒስቴሩ ቀቢሊ ይልከኛል፣ በረሃው ጫፍ ላይ ለአሥረኛ ክፍል የባቄላ ሥር ላስተምር። አየህ? አሁን ግን የትም አልሄድም።

ይሄ ሁሉ ካንተ ፖስታ የወጣ ነው። እጅህ አይንጠፍ።

ዱጃ


ሊዮን፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1998

እህቴ ዱጃ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ልጁ ጆሮውን አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። ኔይላ ሰላም ብላሻለች፤ እናትሽን “እየበላ ነው፣ እንዲያውም ቦርጭ አውጥቷል” በይልኝ ብላለች። ውሸቷን ነው።

እንኳን ደስ ያለሽ። የሚገባሽ ነገር ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። የቋሚ ሥራው ውድድር በሜይ ወር ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ለአንድ ቦታ። እኔ ይዤ የምቀርበው ባለፈው ጸደይ ያወጣሁትን ጽሑፍ ነው፣ ያንቺም ሥራ የተነሳበትን። ስምንት ዓመት በየዓመቱ በሚታደስ ወረቀት ኖሬያለሁ። ይሄ ካመለጠኝ ዕድሜዬ ለሚቀጥለው አይፈቅድልኝም።

ዱጃ፣ ኦገስት ላይ ፎይሉን ስትከፍቺ ሳህኖቹን የት አስቀመጥሻቸው? የቱኒስን ኦገስት አውቀዋለሁ። ያ ማሞቂያ ሳጥን ዛሬም እንደልቡ ነው የሚሠራው? ደግሞ ምንም ጂን ሳትቆርጪባት እናቲቱን ዘር ለብቻዋ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ውስጥ አስገብተሻት ታውቂያለሽ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

መልስሽ እስኪደርሰኝ ድረስ ጽሑፉን ወደ የትም አትላኪው። ሲ ሳዶክንም ትንሽ አብርጂው።

መህረዝ


ቱኒስ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1998

ወንድሜ መህረዝ፣

ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጥኩ መሰለኝ። የት ነበርሽ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን አየሽ? ደስታዬን ነግሬህ “የሚገባሽ ነገር ነው” ብለህ አለፍከው። አንድ መስመር! ኔይላ ምሳ ስትሠራልህ እንኳን ከዚህ የበለጠ ታመሰግናታለህ። ተቀይሜሃለሁ፣ ግን እመልሳለሁ።

ማሞቂያ ሳጥኑ ኦገስት ላይ ተበላሽቶ ነበር፤ ሃያ ሦስት ላይ አድርገነው ሠላሳ አምስት ይል ነበር። ውጪው አርባ ሦስት ደርሶ ነበርና ሳጥኑም ከከተማው ጋር ተስማማ። እና ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? ሳህኖቹን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በረዶ ያለበት ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞርናግ፣ እናቴ ቤት፣ ወሰድኳቸው። ግቢያችን ያለውን ጉድጓድ ታውቀዋለህ። በጋውን ሁሉ ሐብሐብ በባልዲ የምናወርድበት ነው። ቴርሞሜትር በገመድ አውርጄ ለካሁ፤ ሃያ አንድ፣ ቀንም ሌሊትም። ሳህኖቹን ባልዲ ውስጥ ከሐብሐቡ ጎን አድርጌ አወረድኳቸው፤ አምስት ቀን እዚያው አደጉ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ “አንዱን ባልዲ እንዳትነኩ፣ ውስጡ የመንግሥት ሥራ አለ” ስትል ሰነበተች።

የእርሾ ነጥቦቹ ሳህኖቹ ላይ ሲበቅሉ የለቀምኩት አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ነው። በስቲኪኒ፣ ትንንሾቹን። “ትልልቆቹ ያምራሉ፣ ግን ከሚሊዮን አንዷ የተለወጠች አታላይ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ቀድማ ትወፍራለች። ዓይንሽ ሲመኛት እጅሽን ያዢ” ያልከኝን አልረሳሁም። እጄን በጥፊ መትተህ ያስተማርከኝን እንዴት እረሳለሁ?

እናቲቱን ለብቻዋ? አላስገባኋትም። ለምን አስገባታለሁ? አንተ ጽሑፍህ ላይ “ትሞታለች” ብለሃል፣ ፎቶዋም አለ። ለማነጻጸሪያ ሲ ሳዶክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለችውን አሮጌዋን ዘር ተጠቀምኩ፤ ያው አንድ ዓይነት ጉድለት ነው ያላት፣ በደንብም ሞታለች። ለማንኛውም ዛሬ ከሰዓት አፍህን ለማስያዝ ስል እናቲቱንም አስገባታለሁ።

እንኳን ደስ ያለሽ የሚለውን በሚቀጥለው ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል ጽፈህ ላክልኝ።

ዱጃ


ቱኒስ፣ ኖቬምበር 30

መህረዝ፣

በቅላለች። እናቲቱ፣ ምንም ያልቆረጥኩባት፣ በሠላሳ ስድስት ዲግሪ ሳህኑን ሞልታለች። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የእኔ ጂን ምንም አላደረገም ማለት ነው፤ ድሮውንም የማትሞት ነበረች።

የሳህኖቹን ስም አቀያይሬ ይሆናል በለኝ። የሆነ ነገር በለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዱጃ


ሊዮን፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1998

እህቴ ዱጃ፣

ስልክ ስደውል ስላልተገኘሽ ነው በደብዳቤ የምነግርሽ። ስም አላቀያየርሽም። ሙቀት ነው። ጉድጓዱ ሃያ አንድ ዲግሪ ነው ብለሻል፣ አምንሻለሁ፤ ግን ከላቦራቶሪው እስከ ሞርናግ ያለው አውቶቡስ አለ። አርባ ሦስት ዲግሪ፣ ከአርባ ደቂቃ በላይ፣ በረዶውም መንገድ ላይ ሟምቷል። ደህናዎቹ እዚያ አልቀው አታላዮቹ ተርፈው ይሆናል፤ ትንንሽ ብለሽ የለቀምሻቸውም ከነሱው መሃል ናቸው። በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ጉድጓድ ደግሞ ላቦራቶሪ አይደለም፣ ዱጃ። ይሄን የምለው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም።

ለሲ ሳዶክ ራስሽ ንገሪው፣ ከሌላ ሰው ከሚሰማ። ያለውን ሁሉ ጥለሽ አዲስ ጀምሪ። የቀረው ወረቀት ካለም ከነፎይሉ ጣይው፣ ይምታታብሻል። ከበዓል በኋላ ሌላ እልክልሻለሁ።

የረመዳን ጾም ከስድስት ቀን በኋላ ይገባል። ራስሽን አትጉጂ።

መህረዝ


ቱኒስ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1999

ወንድሜ መህረዝ፣

ኢድ ሙባረክ። በበዓሉ ቀን ስትደውል ያላናገርኩህ ሳለቅስ ስለነበር ነው። ይሄን መጻፍ ከማውራት ይቀለኛል።

“ለሲ ሳዶክ ነገረችው ወይ?” ብለህ እናቴን ጠይቀሃታል። ነገርኩት። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በቢሮው። ቁጭ በይ አላለኝም። አውቶቡሱንም ጉድጓዱንም ነገርኩት። “ሐብሐብ?” አለኝ።

“አዎ፣ ሲ ሳዶክ።”

“የአራት ወር ሥራ ከሐብሐብ ጋር ባልዲ ውስጥ?”

የጁኑ ቀን ተሰርዟል። “አንድ ሳህን ማቀዝቀዝ ያልቻለ ሰው ላቦራቶሪ አላስረክብም” ብሎ ኮንትራቴን እንደማያድስ ነገረኝ። ለሕንጻው ሁሉ ያወራውን አንድ በአንድ እየሄደ መልሶ ማውራት አለበት፤ ያ ነው ይበልጥ ያንገበገበው። ስሜ አሁን “ባለ ሐብሐቧ” ሆኗል። ወለሉን የሚያጥቡልን ሴትዮ ሳይቀሩ ይስቃሉ።

በጣም የሚያሳዝነው እናቴ ናት። አንድ ቀን ተናድጄ “ይሄ የተረገመ ጉድጓድ!” አልኩ፣ ኩርፍ አለች። “ይሄ ጉድጓድ የእኔን ሠርግ ሐብሐብ ያቀዘቀዘ ነው። ሞቀ ብሎ የነገረሽ ማነው?” አለችኝ። መህረዝ ነው አልኳት። “መህረዝ መቼ ወርዶ ለካ?” አለች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

አንተ ግን ባትጠይቀኝ ኖሮ በጁን ወር ፈታኞች ፊት ቆሜ እዋረድ ነበር። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። ከልቤ ነው። ይሄን ሁሉ ሰው አጥቼ አንተ ቀርተህልኛል።

ዱጃ

ስሜን ከጻፍኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቀረውን ወረቀት ጣይው ያልከኝ ለምንድነው? ግማሹ ፎይሉ ውስጥ አለ። ከሊዮን ከመጣ ወዲህ ሳይነካ መሳቢያዬ ውስጥ ነው የከረመው። አውቶቡስም አልተሳፈረም።


ቱኒስ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1999

ለተከበሩ ሲ መህረዝ፣

ለጥያቄዬ መልስ እንዳልሰጡኝ ልብ ብያለሁ። ሁለት የፖስታ ካርድ ልከውልኛል፤ አንዱ ላይ ድልድይ አለ፣ አንዱ ላይ አበባ። በጣም ያምራሉ።

ወረቀቱን አልጣልኩትም። ማሞቂያ ሳጥኑ ተጠግኗል፣ ሃያ ሦስት ላይ አድርጌ ሁለት ቴርሞሜትር አስገባሁበት። ግማሹን ወረቀት ሳህን ላይ አሳረፍኩ። ደረቅ ወረቀት ላይ ያለ እርሾ ተኝቷል፣ አይወልድም፣ አይለወጥም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የላኩት ምን እንደነበረ ያው ወረቀቱ ይመሰክራል ማለት ነው። ከበቀሉት ውስጥ በጣም ትንንሾቹን ሃያ አራት ለቀምኩ። ሁለቱ ስለወደቁብኝ በምትካቸው ሌላ ለቀምኩ። ሃያ አራቱንም ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ውስጥ አስገባሁ።

ሃያ አራቱም በቀሉ።

ሞርናግ አልሄዱም፤ ጉድጓድ አላዩም። ከሊዮን ሲነሱ እንዲህ ነበሩ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?

ለሲ ሳዶክ አልነገርኩም። የሚነግሩት እርስዎ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ስህተት ነው፣ ስህተት ሰው ላይ ይደርሳል፤ የእኔም ድርሻ አለበት፣ በእርስዎ ቃል አምኜ እናቲቱን ለብቻዋ አልፈተንኳትም። ለሲ ሳዶክ አንድ ገጽ ቢጽፉ ኮንትራቴ ሳያልቅ ነገሩ ይስተካከላል። ጽሑፍዎን ላወጣው መጽሔትም እንዲሁ። እጠብቃለሁ።

ዱጃ


ሊዮን፣ ጁን 9 ቀን 1999

እህቴ ዱጃ፣

ይሄን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት ብነግርሽ አታምኚኝም። ማርች ላይ የላክሽውም ኤፕሪል ላይ የላክሽውም ደርሰውኛል። የሁሉም መልስ ይሄ ነው።

ውድድሩ በሜይ 20 ነበር፤ ቦታው ለእኔ ሆነ። ስለዚያች ዘር ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ሽማግሌ ፎቶውን አይቶ “ጥሩ ፎቶ ነው” አለ፤ በቃ።

ጁላይ 1997 ነበር። ለበጋ ወደ አገር ቤት ልንመጣ ነው፤ መርከቡ ቅዳሜ እኩለ ቀን ከማርሴይ ይነሳል። መኪናው ተጭኖ አልቋል፤ ጣራው ላይ ለእናቴ የገዛሁላት ማቀዝቀዣ ታስሯል፤ ኔይላ በየሰዓቱ ትደውላለች። የሃያ ሦስቱ ሳጥን ሞልቶ ስለነበር ሳህኖቼን ሠላሳው ውስጥ ከተትኳቸው፤ ለሁለት ቀን ብቻ ብዬ። አርብ ከሰዓት ሳወጣቸው ሠላሳ ዲግሪ ከብዷቸው ነጥቦቹ በስቲኪኒ የሚነኩ አልነበሩም፣ አቧራ ነው የሚመስሉት። ሁለት ቀን ጨምሬ በሃያ ሦስት ማሳደግ ነበረብኝ፤ መርከቡ ደግሞ አይጠብቅም። አንዷ ግን ወፍራም ነበረች፣ ጎላ ያለች፣ መሃል ላይ። ለቀምኳት። እንደዚያ እንዳታደርጊ እጅሽን መትቼ ያስተማርኩሽን አደረግኩት። 212 ብዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባኋትና መርከቤን ያዝኩ። ስትሞት የሚያሳየውን ፎቶ ያነሳሁት ከዚያ በፊት ነው፣ በደህናዋ። ከሴፕቴምበር በኋላ የሠራሁት ሁሉ በሌላዋ ነው።

ከመቼ ጀምሮ? የኦክቶበሩ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደነገጥኩ። በዚያው ሳምንት ፈተንኳት፣ በቀለች። ሁለቱንም ደብዳቤ ስጽፍልሽ አውቅ ነበር። አውቶቡሱን ያመጣሁት እያወቅኩ ነው።

ይቅርታ ማለት እንዴት እንደሚቀል ዛሬ ገባኝ፤ ጽፌው እንኳን ምንም አልቀለለኝም። ግን ላስተካክል። አሁን የራሴ ቦታ አለኝ፣ አንድ ተማሪ መውሰድ እችላለሁ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ነይ። ዶክትሬትሽን እዚህ ትጨርሻለሽ፣ በደህናዋ ዘር፤ አግኝቻታለሁ፣ ከድሮው ሣጥን። ጽሑፌን ደግሞ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ በሌላ ጽሑፍ አርመዋለሁ። አሁን ካነሳሁት ቦታውን ይነሡኛል፤ ያኔ አንቺንም የሚቀበልሽ አይኖርም። ኔይላ ምንም አታውቅም።

ነይ፣ ዱጃ። ሲ ሳዶክም ሆነ ቀቢሊ የማይሰጥሽን እሰጥሻለሁ።

መህረዝ


ቱኒስ፣ ጁን 22 ቀን 1999

መህረዝ፣

አንተ ልበልህ። እርስዎ ስልህ ቁጣዬ ጥሩ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል፤ ዛሬ የምለውን የምለው ለወንድሜ ነው።

“ምን ወሰንሽ?” ብለህ ትናንት ለእናቴ ደውለሃል። እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ “ጉድጓዱን ስለሰደበው ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ምን ማለቱ ነው?” አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ፎጣዋን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች “አብልቼው ነበር እኮ” አለች፣ በቃ። ከዚያ ጫፉን መቋጨት ቀጠለች።

ባለፈው ማክሰኞ ጁን 15 ነበር። ልብሴን ለብሼ ላቦራቶሪ ሄድኩ፣ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ጽሑፌን ልከላከል የነበረበት አዳራሽ ውስጥ ስለ ዓሣ እርባታ ስብሰባ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። የቀቢሊ ወረቀቴ ደርሶኛል፤ ሴፕቴምበር 15 እጀምራለሁ።

አሁን ስለ ግብዣህ። ሦስት ቀን አሰብኩበት፣ አልዋሽህም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሊዮን ውስጥ ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ የማይበላሽ ማሞቂያ ሳጥን ስከፍት ራሴን አየሁት። በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው እሱኑ ነው፤ ከሱ ሌላ የምፈልገው የለም። አንተ ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው የሰጠኸኝ። ግን በየቀኑ ከሳጥኑ ፊት ቆመን አንተ እኔን፣ እኔ አንተን እያየን፣ ሁለታችንም ዝም እንድንል ነው የጠራኸኝ። አራት ወር ዝም ብዬልሃለሁ። አራት ወር “ባለ ሐብሐቧ” ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ያለፍኩት፣ አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው። አንተ ግን የእኔን ዝምታ ይዘህ ውድድር ገባህበት።

አርብ ለሲ ሳዶክ ነገርኩት። ሃያ አራቱን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ይሄኔ ቁጭ በይ አለኝ። “ለምን በፌብሩዋሪ አልነገርሽኝም?” አለ። “ወንድሜ ስለሆነ” አልኩት። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ኮንትራቱን ግን አሁን ማንም ሊመልሰው አይችልም፣ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። የበጋና የክረምት ዕረፍት ሲሆን መጥቼ እንድሠራ ቁልፍ ሰጠኝ። ደህናዋን ዘር ከሌላ ቦታ እናስመጣለን። ያንተን አትላክ።

ዶክትሬቴን በስንት ዓመት እንደምጨርስ አላውቅም። ልጨርስም ላልጨርስም እችላለሁ። ባንተ በኩል ግን አልጨርሰውም።

ጽሑፍህን ላወጣው መጽሔት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንድ ገጽ ነው። ዘሯ ከየት እንደደረሰችኝ፣ እንዴት እንደፈተንኳት፣ ሃያ አራቱ ምን እንደሆኑ፣ እኔም ማነጻጸሪያውን ሳልፈትን እንደቀረሁ። ስለ መርከቡ አልጻፍኩም፣ ስለ አውቶቡሱም አልጻፍኩም። እነዚያ የሁለታችን ናቸው። መጨረሻው ላይ ስሜን ጻፍኩ። ሲ ሳዶክ ልፈርም ብሎኝ ነበር፣ አይሆንም አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ፖስታ ይዤ ፖስታ ቤት መጥቻለሁ፤ እነዚህን መስመሮች የምጨምረው እዚህ ቆሜ ነው። መጽሔቱ ከእኔ ሳይሆን ካንተ ቢሰማ እመርጣለሁ። አሁንም፣ ይሄን ሁሉ ካደረግከኝ በኋላም፣ ያን እመርጣለሁ። ስለዚህ የነሱን በተራ ፖስታ ነው የላክሁት፤ ሠራተኛዋ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብላኛለች። ያንተን በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይደርስሃል።

በመሃላቸው ያሉት ቀናት ያንተ ናቸው።

ዱጃ